የበላሁት ቆርቆሮ

ሶዶ ገብቼ የመምህርነት ደመወዝ መብላት የጀመርኩ ሰሞን የከተማው በሬዎች በመልክ ያውቁኝ ነበር። ማጋነን እወዳለሁ፤ ይህን ከእኔ ጋር የዋለ ሁሉ ይመሰክራል። ይሄኛው ግን እምብዛም ማጋነን የለበትም። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ሥጋ ቤቶቹ ስወርድ፣ በር ላይ የታሰረ ወይፈን ካለ ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞራል። ሥጋ ቆራጩ ከሩቅ ሲያየኝ ቢላውን መሳል ይጀምራል። አስተናጋጇ ደግሞ ዳጣውን፣ ያንን ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ከዝንጅብልም ጋር የተደቆሰ፣ ላብና እንባን በአንድ ጊዜ የሚያስወጣ ማባያችንን፣ ሳላዝዛት ታቀርብልኛለች። ጥሬ ሥጋ በዳጣ በልቼ ስነሣ ዓለም ሁሉ ዘመዴ ይመስለኝ ነበር።

ዘመኑ ፕላዝማ ወደ ክፍል የገባበት ነው። ትምህርቱን ቴሌቪዥኑ ያስተምራል፤ የእኔ ድርሻ ማብራትና ማጥፋት፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ተማሪዎቹን ማጽናናት ነበር። ለዚህም መንግሥት ደመወዝ ይከፍለኛል። ከሰዓት በኋላ ግምገማ እንቀመጣለን፤ ከግምገማ የወጣ ሰው ደግሞ ሥጋ ያምረዋል። ዛሬ አንዱ ባልደረባ ይጋብዛል፣ ነገ ሌላው፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛው። ተራ ነው። ተራውን የሚዘል ሰው አላየሁም። በእኛ አገር ስስታም ከመባል ሌባ መባል ሳይሻል አይቀርም፤ ሌባ ቢያንስ የሰረቀውን ለሰው ያካፍላል ተብሎ ይጠረጠራል። በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ማብሰያ የሚባል ነገር አልነበረም። ከወጥ ቤት ዕቃ የነበረችኝ አንዲት የፕላስቲክ ብርጭቆ ናት፤ እሷም የጥርስ ብሩሼ መኖሪያ ነበረች።

እናቴ የምትኖረው ሁምቦ ነው። አባቴ ሳይሞት አራት ማዕዘን የጭቃ ቤት ሠራላትና ቆርቆሮ እስኪገዛ ድረስ "ለጊዜው" ብሎ ሣር አለበሰው። ያ "ለጊዜው" አሥራ አንድ ዓመት ሞላው። ሣር በክቡ ቤታችን ላይ ነው የሚያምርበት፤ አራት ማዕዘን ላይ ሲወጣ ግራ ይገባዋል መሰለኝ፣ ውሃውን ወደ ውጭ ማፍሰስ ትቶ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። እሱም ቢሆን እንደ ድሮው እንደ ልብ አይገኝም። ዝናብ ሲጥል እናቴ ቤት ያለውን ጎድጓዳ ዕቃ ሁሉ ትደረድርና ቤቱ ቱም ታም ይላል።

ይሄ ብዙም አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት ተራዋ ነው። በሰፈሯ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በየሳምንቱ ከቤት ቤት እየዞሩ ይጸልያሉ። ተረኛዋ ቤቷን ጠርጋ፣ የሚቀመስ አዘጋጅታ ትቀበላለች። እናቴ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ለቀጣይዋ ታሳልፋለች። በሰው ጣሪያ ሥር ስትጸልይ፣ የሰው ቤት ስትበላ ዓመታት ሄዱ። መምህር የሆንኩ ዕለት ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሴቶቹን የምትቀበልበት ቆርቆሮ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቃል ገባሁ። ቃል ስገባ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያምርበት ሰው የለም።

በጥቅምት አንድ የገበያ ቀን እናቴ ሹካሬ፣ ማለት ስኳር ድንች፣ በጀርባዋ አዝላ ልትጠይቀኝ መጣች። ክፍሌ ስታጣኝ ጎረቤት ሥጋ ቤት ጠቆማት። መቼም ሌላ የት እገኛለሁ። ገባች፤ ሹካሬዋን ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችና አጠገቤ ተቀመጠች። ጎረስኩላት፤ ማለት እሷን ላጎርሳት ብዬ ራሴን አጎረስኩ፤ በጣም ደንግጬ ነበር። የሥጋውን ዋጋ ጠየቀችኝ። ቀንሼ ነገርኳት። ቀንሼም በዛባት። ሳህኑን አየችው። የቆርቆሮ ዋጋ ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የምታውቀው፤ ገበያ በወጣች ቁጥር ቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሳትገዛ ትጠይቅ ነበር። ከዚያ በወላይትኛ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ እንዲህ አለችኝ፦

"እንግዲያ የሦስት ቀን ምሳህ አንድ ቆርቆሮዬ ነው።" ቀጥላም፦ "ጥርስህን አላመመህም?"

እኔ ቀልደኛ የተባልኩት ከማን ወስጄ እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። የቀረውን ሥጋ አልጨረስኩትም። ይህን ያየ ሥጋ ቆራጭ ታምሜ መስሎት እስከ በር ሸኘኝ።

እናቴን አውቶቡስ ተራ አድርሻት ስመለስ ወሰንኩ። እስከ ክረምት ድረስ ሥጋ ቤት ላልረግጥ፣ ቤቴ አብስዬ ልበላ። በእኛ ቤት ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም። ሽንኩርት ከየትኛው ጫፉ እንደሚላጥ እንኳ አላውቅም ነበር። ብቻዬን እንደማልችለው ስላወቅሁ፣ ኪራዩም ይጋመሳል ብዬ፣ የሒሳብ መምህር የሆነ ባልደረባዬን አስገባሁት። የአረካ ልጅ ነው፤ አያቶቹ ከሰሜን መጥተው እዚያ የቀሩ፣ ወላይትኛውን ከእኔ እኩል የሚናገር ኦርቶዶክስ። አማርኛው ግን ከእኔ ይጠራ ነበር። የእኔ አማርኛ ያን ጊዜ ወንዱንም ሴቱንም ሳይለይ "መጣች" የሚል ነበር፤ እሱ በዚህ እስኪበቃው ስቆብኛል።

አንዲት የላምባ ምድጃና አንድ ድስት ገዛን። ልብ በሉ፣ አንድ ድስት። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሽሯችን እንዴት እንደነበር ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ዱቄቱን እንዳለ በፈላው ውሃ ላይ ገለበጥነው። ጓል ሆኖ ወጣ። አንዱን ጓል ለሁለት ልንሰብረው ሞከርን፤ ማንኪያው ተጣመመ። ለግንበኛ ብናሳየው ይገዛን ነበር። አከራያችን፣ ወላይታ የሆኑ አንዲት ባልቴት፣ በግድግዳው በኩል ሳቃችንንም እርግማናችንንም ሲሰሙ ቆይተው መጡ። ሁለት መምህር ምድጃ ከብቦ ሲያዩ መጀመሪያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ የመጡበትን ረስተው ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። ለሳምንት ያህል የግቢው ትርኢት ሆንን። በኋላ ግን አዘኑልንና ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፣ ሳይቸኮል፣ እየተማሰለ እንደሚገባ አሳዩን። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ግማሹን ረስቼዋለሁ፤ ይሄን ግን አልረሳሁትም።

ድስቱ ላይ ስንመጣ፣ ባልደረባዬ በዚያ ነገር አይቀልድም። ቅቤ የነካው ድስት በጾም ቀን አይበላበትም። እናቱ እንደዚያ አድርገው አሳድገውታል። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አለ፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም አለ። ሁለተኛ ድስት እንግዛ ቢለኝ፣ ለጣሪያው የምገዛውን ሚስማር አሰብኩና እምቢ አልኩ። በስሌት የሚያምን ሰው ነውና እሱም አልገፋም። ተስማማን፤ ያ ድስት ቅቤ አይቀምስም፣ ሥጋ አያይም። ማክሰኞም ሆነ እሑድ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሹካሬ፤ ደግሞ ሽሮ። በአጭሩ ድስታችን ኦርቶዶክስ ሆነ። ከድስቱ የሚበላው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ የቆመው እኔ ነኝ።

ቤት ማብሰል ያድናል የሚሉ ሰዎች ስለ "እንብላ" ያሰቡ አይመስለኝም። በእኛ ግቢ ማዕድ ላይ ተቀምጠህ ሰው ካለፈ "እንብላ" ትላለህ። ባህሉ፣ ያም ሰው "ብሉ፣ በልቻለሁ" እንዲል ነው። የእኛ ሽሮ ግን በግቢው ዝነኛ ስለነበረ፣ የሁለት ወንዶች ሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት ያልተቀመጠ አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ከሥጋ ቤቱ የበለጠ አወጣን። በኋላ ብልጥ ሆነን ምሳችንን በዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በልቶ በሚያርፍበት፣ በሩን ገርበብ አድርገን፣ እንደ ሰረቀ ሰው በሹክሹክታ መብላት ጀመርን። ለእናቴ ጣሪያ ስል ምን ያህል እንደ ወረድኩ እዩልኝ።

እንደዚያም ሆኖ ከወር በኋላ አንድ ነገር ገባኝ፤ እሱን ሳልቀልድ ልናገረው። ሥጋ ቤት ሳህን ከውስጥ ይመጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። ከየት እንደመጣ፣ በኋላ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ አታይም። ቤት ስታበስል ግን የከረጢቱ ታች ይታይሃል። ሽሮው የወሩ አጋማሽ ላይ ምን ያህል እንደቀረ እጅህ ያውቀዋል፤ ማንኪያው ራሱ ማነስ ይጀምራል። እናቴ ሁምቦ ላይ ዝናብ በቀረ ዓመት የበቆሎ ጎተራዋን ታች ስታይ የኖረች ሴት ናት። እኛ ልጆቿ ሳህኑን ነበር የምናየው። ከሳህኑ በፊት ያለውን ሒሳብ ብቻዋን ስትይዝ ኖራለች፤ አንድም ቀን ፊቷ ላይ አላየሁትም። እኔ ግን በአንድ ወር ውስጥ ፊቴ ሁሉ ሒሳብ ሆነ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሽሮው አልነበረም። ባልደረቦቼ ናቸው። ከግምገማ ስንወጣ ይጠሩኛል። ሄጄ የተጋበዝኩ እንደሆነ ተራዬ ይመጣል፤ ተራዬ ከመጣ ደግሞ በአንድ ምሳ የአንድ ማዕዘን ጣሪያ ይሄዳል። "ለእናቴ ቆርቆሮ እያጠራቀምኩ ነው" ማለት ነበረብኝ። ለምን አላልኩም? ምክንያቱም እንዲያ ካልኩ የመምህሩ እናት ቤት እስከዛሬ እንደሚያፈስ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ዓርብ ቀን በር ላይ አስቁመው ሲጎትቱኝ አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ፦

"ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።"

ሳቁ። ዓርብ ሥጋ የማይበላው ባልደረባዬ ነው እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ ሁሉም ያውቃል። ሳቁን አይቼ ቀልዱን ደገምኩት። በሚቀጥለው ረቡዕ "ረቡዕ ነው" አልኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሳይጠይቁኝ "ከፋሲካ በኋላ" እላለሁ። በጣም የተመቸ ቀልድ ነበር፤ አንዲት ሳንቲም ሳያስወጣ ከተራ ያስመልጣል። የረሳሁት ነገር፣ ቀልድ ሲደጋገም ሳቁ ይቀርና ወሬው ብቻ ይቀራል። ወሬው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ ልጁ ሃይማኖቱን ቀይሯል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የሁምቦ ሰው፣ የአባቴ ጓደኛ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በር ላይ ቆመው ክፍሏን በዓይናቸው ዞሩ። በባልደረባዬ አልጋ በኩል ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል አለ። ምድጃው ላይ ዘይት ብቻ ያየ ሽሮ ይፈላል። እኔ አጠገቡ ማማሰያ ይዤ ቆሜአለሁ። ሰውየው በዚያን ጊዜ ያዩትን ነገር ፍርድ ቤት ቢያቀርቡት እኔ ራሴ በራሴ ላይ እፈርድ ነበር።

ተቀመጡና ብዙ ዞሩ። ስለ አባቴ አነሡ፣ ስለ ዘመኑ ፈተና አነሡ። በመጨረሻ በቀጥታ ጠየቁኝ። አሁን ነው መናገር የነበረብኝ። ነገር ግን አስቡት፤ እኚህ ሰው ነገ ሁምቦ ይወርዳሉ፤ የልጁ ኪስ እንዲህ ሆኖ የእናቱን ጣሪያ በሽሮ እየገዛ ነው ብለው ቢያወሩስ? ሃይማኖት ቀየረ ከመባልና ድሃ ሆነ ከመባል የትኛው ይሻላል ብዬ መዘንኩ። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ መመዘኔ ነው። ሳቅ ብዬ፣ ጾም ለጤናም ጥሩ ነው ይላሉ፣ ጨጓራ ያሳርፋል አልኳቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸለዩልኝ። ጸሎቱ ረጅም ስለነበረ ሽሮው ከታች ያዘ። እንብላ ብላቸው፣ ከሠራሁት አንድ ጉርሻ ሳይቀምሱ ወጡ። በእኛ አገር ይህ ከስድብ ይበልጣል።

ሳምንት አልሞላም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እኔና ባልደረባዬ ድንች እየላጥን እናቴ ከሽማግሌው ጋር ብቅ አለች። ሹካሬ አልያዘችም። ባዶ እጇን ስትመጣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሰላምታዬን በግማሽ ተቀብላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልጋዬ ሥር ለጣሪያው ማገር የሚሆን ሚስማር በካርቶን ነበር፤ በአንድ ዓይኗ አየችው። እናቴ በቃላት አትባክንም።

"በጾም የተገዛ ቆርቆሮ ሥር አልገባም" አለች። "ከሣሩ ጋር እሞታለሁ።"

የስድስት ወር ሽሮ፣ የዘጠኝ ሰዓት ምሳ፣ የሸሸሁት ተራ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተደፋ። ቀልድ ትቼ የተላጠውን ድንች ደግሜ ላጥኩት። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ። የተናገረው ባልደረባዬ ነው። ቢላውንና ድንቹን አስቀምጦ፣ እጁን ጠርጎ፣ በተጣራ ወላይትኛ፦

"እማማ፣ የጾመው ድስቱ ነው፤ እሱ አይደለም" አላት።

ከዚያ ሁሉንም አፈሰሰው። ስለ ድስቱ፣ ስለ ቅቤው፣ ከሥጋ ቤት ስለ መሸሼ፣ ሚስማር ስለ መቁጠሬ። የሒሳብ መምህር ነውና ምንም አልዘለለም፤ ማንኪያው የተጣመመበትንም ጨመረ። አንዳንዱን እንዲተወው በዓይኔ ጠቀስኩት፤ ወደ እኔ አላየም። ሽማግሌው ቀስ በቀስ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ሳቅ ሲያፍን ትከሻው ነው የሚስቀው፤ ትከሻቸው መሳቅ ጀመረ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ድስቱን አምጡልኝ አለች። በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው፣ ውስጡን በጣቷ ዳበሰችው፣ አሸተተችው። አንዲት ሴት ድስት ስትመረምር ሽማግሌ ሃይማኖት ከሚመረምረው በላይ ታውቃለች። ቅቤ የሚባል ነገር በደጁ አላለፈም።

"ይሄን ነው ስትበላ የከረምከው?"

አዎ አልኳት።

"እስኪ ሥራ።"

ሠራሁ። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ በርከክ ብዬ፣ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥኩ። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተና ላይ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቅሁም። ሽንኩርቱን ስከትፍ አከታተፌን አየች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ግን ተወችኝ። ቀረበ። እናቴ በሕይወቷ ወንድ የሠራውን ምግብ ቀምሳ አታውቅም። ያን ቀን በላች። ሽማግሌውም በሉ፤ ባለፈው ያስቀሩትን ጉርሻ ጭምር። ጨው እንደበዛበት እኔ አውቀው ነበር፤ ማንም አልተናገረም።

ወደ አውቶቡስ ተራው ስሸኛት ሽማግሌው ፊት ፊታችን ይሄዱ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ለምን ለሰው እንዳልተናገርኩ ጠየቀችኝ። አፍሬ ነው አልኳት። ያፈርኩት በእሷ ቤት እንዳይመስላት ብዬ ላስረዳ ስጀምር ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"እኔስ ለሴቶቹ ምን እንደምላቸው ታውቃለህ?" አለችኝ። "ተራዬ ሲደርስ፣ ቤቴ ቁንጫ ገብቶበታል እላቸዋለሁ።"

ቆምኩ። ለእናቴ ቤት ንጽሕና ምስክር ካስፈለገ ዝንብ ራሷ እግሯን ጠርጋ ነው የምትገባው። ያቺ ሴት ቁንጫ አለብኝ ብላ በገዛ አፏ አስወርታለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ ጣሪያዋ ያፈሳል ከተባለ የሚነሣው የእኔ ስም እንደሆነ ነገረችኝ፤ መምህር ወልዳ በሣር ውስጥ ትኖራለች ይባላል። ቁንጫ ግን የማንም ልጅ ጥፋት አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ እኔ ለእሷ ስም ብዬ ሃይማኖቴን አስጠረጠርኩ፤ እሷ ለእኔ ስም ብላ በሌለ ቁንጫ ተወራች። ማን የበለጠ እንደከፈለ ዛሬም አልወሰንኩም። ያኔ ግን ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች፤ ሽማግሌው ዞረው ምን እንዳሳቀን ጠየቁ። አልነገርናቸውም።

ሰኞ ዕለት ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ግምገማ ላይ ነው የተናገርኩት፤ ራስን መሄስ የሚባል ነገር ስለነበረ አጋጣሚውን ተጠቀምኩ። የእናቴ ቤት ያፈሳል፣ ከተራ የሸሸሁት ለዚያ ነው አልኩ። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ ወይስ አይግባ ብሎ ግራ ተጋባ። አንዱ ባልደረባ፣ እስከ ክረምት ከተራ ነጻ ነህ አለኝ። አለቀ። ይሄን ያህል የፈራሁት ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስድስት ወር ሙሉ የቀለድኩበትን ጊዜ ሳስብ በጣም ውድ ቀልድ ነበር።

ገንዘቡ ሲደመር እንዳሰብኩት አልሆነም። የላምባው ዋጋ ነበር፣ የ"እንብላ"ው ሳምንት ነበር። የተገዛው ቆርቆሮ ለቤቱ ሁሉ አልበቃም፤ ለትልቁ ክፍል ደርሶ የከብቶቹ ጎን በሣር ቀረ። አናጢው በግንቦት መታው። ከሩቅ ሲታይ ቤቱ ግማሽ ፊቱን የተላጨ ሰው ይመስል ነበር። እናቴ ግን ከመንገድ ማዶ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችውና ተራዋን ለቀጣዩ ሳምንት አስጻፈች።

በዚያ ቀን ሁምቦ ወረድኩ። ሴቶቹ መጡ። አንዳንዶቹ የቁንጫውን ወሬ ስላልረሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አግዳሚው ጫፍ ጫፍ ላይ በጥንቃቄ ነበር የተቀመጡት። እናቴ አይታ እንዳላየች ሆነች። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ቅቤ የገባበት ሽሮ እንድሠራ ያዘዘችኝ እሷ ናት፤ ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ እንደማትጾም ይዩ አለችኝ።

ጸሎቱ እንደተጀመረ ዝናቡ ወረደ። የሁምቦ ዝናብ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ሲመጣ ግን የቀረበትን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚያወርደው። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሺህ ሰው አንድ ላይ ጠጠር የሚወረውር ይመስላል። የሚጸልዩት እናት አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፃቸው አይሰማም። ሴቶቹ በየመሐሉ በግምት አሜን ይላሉ፤ አንዷ አሜን ስትል ሌላዋ ገና ናት፤ ማን መቼ እንደጨረሰ አይታወቅም። ቀሚሱን የሰበሰበ ሁሉ ረስቶት ለቀቀው። ከጓዳው በር ማማሰያዬን ይዤ አየሁ። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እናቴ ብቻ አልጨፈነችም። አንገቷን አቅንታ፣ መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ጣሪያውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብላ ታየው ነበር። እየጸለየች ይሁን የሚያንጠባጥብ ቦታ እየፈለገች፣ አልጠየቅኋትም። ሽሮው እንዳይዝብኝ ወደ ምድጃው ተመለስኩ።